ቀይዋን ኦ የሙጥኝ ያልኩበት ምክንያት

ባለፈው ማክሰኞ ፍራንኮ አካባቢ ካለች ጠባብ የስልክ መሸጫ ገብቼ አዲስ ስልክ ገዛሁ። ወድጄ አይደለም። የድሮዋ ባለ ቁልፍ ስልኬ ደወል እንጂ አንድም አዲስ ገጽ አልከፍትም ካለች ሰንብታለች፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ «እትዬ አስካለ፣ ይቺን ስልክ ለሙዚየም ይስጧትና ይገላገሉ» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። ሱቋ ውስጥ ያለችው ሴት ሠላሳን ያለፈች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ እጇ ፈጣን የሆነች ናት። «አካም ጅርቱ እማማ» ብላ በኦሮምኛ ተቀበለችኝ፣ መልሴን ሰምታም ወደ አማርኛው ዞረችልኝ። ስልኩን ከካርቶኑ አወጣችው፣ ሲም ካርዴን አዛወረች፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ኢንተርኔት በየትኛው ነው የሚከፍቱት? የለመዱት ብራውዘር አለዎት?» እኔም ሳላስብ «ቀይዋን ኦ» አልኳት፤ ምልክቷ ቀይ የፈረንጅ «ኦ» የሆነችውን። ሳቀች። «ቀይዋን የሚል ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! አሁን እኮ ሁሉም ባለ ብዙ ቀለሟን ነው የሚለው። ቀድማ ተጭና ትመጣለች፣ ፈጣን ናት፣ ምን ጎደላት?» አለችኝ። ምንም አልጎደላት ይሆናል። እኔ ግን ቀይዋን አልተውም ካልኩ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቴንም እስከዚያ ቀን ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ስልኩ ጨርሶ እስኪዘጋጅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል ብላ በርጩማ አቀረበችልኝ። በርጩማ ያገኘች አሮጊት ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ አፏን የሚዘጋው የለም።

ነገሩ የሆነ ጊዜ ናዝሬት እንዲህ ሕንፃ በሕንፃ አልነበረችም። ልጆቹ አዳማ በይ ይሉኛል፤ እኔ አፌ ላይ ቀድሞ የመጣውን ነው የምለው፣ ከተማዋም በሁለቱም ስትጠራ አቤት ትላለች። በጋሪ ነበር የምንሄደው። ከፖስታ ቤት እስከ ሰፈሬ አንድ ብር፤ ፈረሱ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር ይንጠለጠልበታል፣ ባለ ጋሪው ሴት ወይዘሮ ሲያይ መቀመጫውን በእጁ ጠረግ ጠረግ ያደርጋል። ነፋሱ ያው የዛሬው ነፋስ ነው፤ አቧራውን አፍሶ አምጥቶ ጁስ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ያራግፈዋል። የጁስ ቤቱ ፓፓያ ከመቂ የመጣ፣ ማንኪያ የሚያቆም፣ ሎሚ የተጨመቀበት፣ አራት ብር፤ ዛሬ በዚያ ዋጋ ሎሚውንም አይሰጧችሁም። ልጃገረዶቹ ከቲሸርታቸው በላይ ሰፊ ቀበቶ የሚታጠቁበት፣ ፀጉራቸውን በካውያ ተኩሰው ነፋሱን የሚራገሙበት ጊዜ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመዋል። መብራት ሲጠፋ ዘፋኙ ቃሉን ሳይጨርስ ይቀራል፣ መንገደኛው ይጨርስለታል። እኔ ራሴ መዝገብ በብብቴ ይዤ ስንት ጊዜ ጨርሼለታለሁ።

መዝገብ ማለቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርኩ ነው። ግራጫ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ በላዩ ነጠላ። ኮምፒዩተር የመጣልን ጊዜ ላዩ ላይ ሰማያዊዋ ኢ ተቀምጣ መጣች፤ ስለዚህ የሰማያዊዋ ኢ ሰው ሆንኩ። ለምን መረጥሻት ብትሉኝ፣ እዚያው አግኝቻት ነው። ብዙ ሴት ባሏንም የመረጠችው እንዲሁ ነው። ብራውዘር የሚለውን ቃል እንኳ የሰማሁት ኋላ ነው፤ እኛ «በምን ትከፍቻለሽ?» ነበር የምንባባለው። ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ ስድስት ኮምፒዩተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ነበረች፣ በደቂቃ ሃያ አምስት ሳንቲም። እዚያ የሚመጡት የዩኒቨርሲቲ ልጆች የቀበሮዋ ወገን ናቸው፤ ያቺ ሉሉን በጭራዋ የምታቅፈዋ። ቀበሮዋ ያለችው በመስኮቱ በኩል ባሉት ሁለት ማሽኖች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው ባዶውን ተቀምጦ እንኳ እሷን ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እኔን ሲያዩኝ «እናቴ፣ አሁንም በሰማያዊዋ ነው?» ብለው ይቀልዱብኛል፤ እኔም «ቀበሮ ያመነ ዶሮ አያረባም» እላቸዋለሁ። ቀይዋ ኦ ግን በየባለ ቁልፍ ስልኩ ላይ ነበረች። የሹፌሩ፣ የነጋዴው፣ የደላላው ናት። እኛ ቢሮ ተቀማጮች ንቀን አናያትም ነበር።

ታዲያ ሰማያዊዋም በላት ቀበሮዋ፣ እኛ አገር ኮምፒዩተር ላይ ሁሉም አንድ አመል ነበራቸው። አማርኛ ሲመጣባቸው ፊደሉን ትተው ሳጥን ይደረድራሉ። ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ከዚያ አንድ ቁጥር፣ ከዚያ እንደገና ሳጥን። ኢንተርኔት ቤቷን የምታስተዳድረው ሴት ስትጠየቅ «ፊደሉ አልተጫነማ» ትላለች፤ መቼ እንደሚጫን ግን አትናገርም። ሰው ለመደው። ቁጥሩን አንብቦ ሳጥኑን በግምት ይሞላዋል። የእኛ ሰው በግምት ስንቱን ነገር ሞልቷል፣ ይሄ ምን ይገርማል።

ልጄ ሰናይት ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ ካረፈ በኋላ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤቱ ስላልመጣላት ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች፤ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደ አረብ አገር ሄደዋል። የአንዷ እናት ቴሌቪዥን ተላከላት፣ የአንዷ እናት ጣሪያ አስቀየረች፣ የአንዷ እናት ደግሞ እስከ ዛሬ የልጇን ድምፅ አልሰማችም። ሰናይትም ሳትነግረኝ ፓስፖርት አውጥታ አገኘኋት። ተጣላን፣ አለቀስን፣ ታረቅን። በመጨረሻ ስምምነት አደረግን፦ አዲስ አበባ የሚሰጠውን የአዋላጅ ነርስ ሥልጠና መግቢያ ፈተና ትፈተናለች፣ ካለፈች ትማራለች፣ ካላለፈች እኔ አፌን እዘጋለሁ፣ እሷ ትሄዳለች። ቃሌን ሰጠሁ። እናት እንዲህ ያለ ቃል ትሰጣለች? ሰጠሁ፣ ምን ላድርግ። ደላላው መናኸሪያው ጀርባ ቤት ነበረው፤ ውጤቱ ወጣ በተባለበት ሐሙስ ዕለት እስከ አሥር ሰዓት ፓስፖርቷን ካላመጣች ቦታዋን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል።

የዚያን ዕለት በምሳ ሰዓት ሰናይት እጄን ያዘችና መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥሯን ጻፈችልኝ። 318። «እማዬ፣ አንቺ እይልኝ። እኔ ቆሜ ማየት አልችልም» አለችኝ። ኢንተርኔት ቤቷ ሞልታ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ተራዬ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲ ልጆቹ አዘኑልኝና ባለ ቀበሮዋን ማሽን ለቀቁልኝ። ዝርዝሩ ተከፈተ። ዳር ላይ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሳጥን በሳጥን፣ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር፣ ቀጥሎ ውጤት፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ሳጥን። የዓምዶቹም ርዕስ ሳጥን ነው። እየወረድኩ እየወረድኩ ዳር ላይ 318ን አገኘኋት። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ውጤት፣ አርባ አንድ። ማለፊያው ስልሳ መሆኑን አገር ያውቃል። መዳፌን አየሁ፣ ስክሪኑን አየሁ፣ እንደገና መዳፌን አየሁ። ላቡ እስክሪብቶውን አጥቦት እንኳ ቁጥሩ አልጠፋም።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጋሪ ላይ ወጣሁና ባለ ጋሪው የት ሲለኝ «ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት። ሰውዬው ደግ ነው፤ ጉዳዩን ሳይጠይቀኝ ከተማውን አዞረኝ። ቤት ብገባ ሰናይት ፊቴን ታነበዋለች። ቢሮ ብገባ ሰው ይጠይቀኛል። ውሸት አሰብኩ፤ አልወጣም ልበላት? ቅዳሜ ይወጣል ልበላት? የቅዳሜን ሳስብ ደግሞ ያቺ የልጇን ድምፅ ያልሰማች ጎረቤቴ ትመጣብኛለች። እንዲህ ስዞር ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው፣ ከግቢያችን ጀርባ ካለው የሽንኩርት መጋዘን ደጃፍ ላይ ወረድኩ። መጋዘኑ የዘሀራ ነው። ዘሀራ የወሎ ልጅ፣ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት በመኪና እያስጫነች የምታመጣ፣ ጉልበቷም ድምፅዋም የሁለት ሰው የሆነ ነጋዴ ወዳጄ ናት። እሷን ሳይ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሽንኩርት መካከል ማልቀስ ጥሩ ነው፤ ማንም ምን ሆንሽ አይላችሁም።

ዘሀራ ግን አለች። «ምን ሆንሽ አስካለ?»

«ልጄ ወደቀች። አርባ አንድ።»

«ስሟን አይተሻል?»

«ሳጥን ነው።»

«የአባቷንስ?»

«እሱም ሳጥን ነው አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ማንን አይተሽ ነው የምታለቅሺው? የሳጥንን ልጅ? አብሽሪ እስቲ፣ እንባሽን ጥረጊ» አለችና ከመቀነቷ ውስጥ ስልኳን አወጣች። ቀዳዳ የወጣለት የላስቲክ ልብስ ያላት ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ። ላይዋ ላይ ቀይዋ ኦ።

አሁን የምነግራችሁን የዘመኑ ልጆች አያምኑኝም። ዘሀራ የእንግሊዝኛ ፊደል እምብዛም አትለይም፤ ጣቷ ግን ያውቀዋል። አድራሻ መጻፊያው ላይ አንዲት ቃል ጻፈች፣ ሁለት ነጥብ አደረገች፣ ሌላ ቃል ደገመች። «ይቺን ያስተማረኝ መቂ ያለ ሹፌር ነው፤ ቀይዋን ትናንት እንደ አዲስ ስላስጫንኳት ልድገማት» አለችኝ። አንድ ደረቅ ገጽ መጣ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ። እስከ ታች ወረደች፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኖ» ወደ «የስ» ቀየረች፣ አስቀመጠች። «በቃ። አሁን ቀይዋ አማርኛ ታውቃለች። የሽንኩርቱን ዋጋ፣ የዝናቡን ወሬ ሁሉ እኔ በዚህ ነው የማነበው። እናንተ በዚያ ትልቅ ኮምፒዩተር ሳጥን ስትቆጥሩ ትውላላችሁ» አለች። ዝርዝሩን ከፈተችው። ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር መጣ። ፊደል! ቅጥነቱ የክር ያህል ነው፣ ግን ፊደል ነው፤ ሀ፣ ለ፣ መ። የመጀመሪያው ዓምድ ላይ «ተራ ቁጥር» ይላል። ሦስተኛው ላይ «የተፈታኝ ቁጥር»። ተራ ቁጥር! እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ተራ ቁጥርና መለያ ቁጥር ስጽፍ የኖርኩት!

318ኛው መስመር ላይ አርባ አንድ ያመጣችው ሌንሳ አሥራት ከድር ትባላለች። «ይቺ ማናት?» አለች ዘሀራ። እኔ እንጃ። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ቀጣይ፣ ቀጣይ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፣ ዘሀራ ስልኩን ከፍ አድርጋ ሽንኩርት ክምር ላይ ወጣች። ከዚያ ላይ ሆና ማንበብ ጀመረች፣ በድምፅ፣ እንደ ቀበሌ ስም ጠሪ። አራት መቶ ስድስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «አስካለ፣» አለችኝ፣ «የሰናይት አባት ስም ማን ነበር?» ነገርኳት። «ወላሂ እሷ ናት። ተፈታኝ ቁጥር 318። ሰማንያ ሦስት። አልፋለች ይላል፣ አልፋለች!» እልልታዬን ለቀቅኩት። ተሸካሚዎቹ ጆንያ ይዘው ቆሙ። ዘሀራ ከክምሩ ላይ ወርዳ አቀፈችኝና «አልሃምዱሊላህ» እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያልኩ አለቅሳለሁ።

ቤት ሮጬ ስደርስ ሰናይት የለችም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፓስፖርትም የለም። ወይ ልጄ! ኋላ እንደነገረችኝ፣ «እማዬ ደስታ አትችልም፤ ባልፍ ኖሮ እየጮኸች በደረሰች ነበር፣ ሁለት ሰዓት የቆየችው የምትለኝን አጥታ ነው» ብላ ቆርጣ ወጥታለች። እውነቷን ነው፣ ታውቀኛለች። ያው ባለ ጋሪ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ፈረሱን ውኃ ሲያጠጣ አገኘሁት። «መናኸሪያ ጀርባ! ዛሬስ ይህ ፈረስ ይብረር!» አልኩት። በረረ ማለት ይቻላል። ደላላው ቤት ስገባ ሰናይቴ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከስምንት ልጃገረዶች መሃል፣ ጉርድ ፎቶዎቿን በጣቷ ይዛ ተቀምጣለች። ፓስፖርቷ ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሄጄ አነሳሁት። «እናት፣ ምን ማለትዎ ነው?» አለኝ። «ሰማንያ ሦስት ማለቴ ነው» አልኩት። ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ። «የት ነበርሽ?» አለችኝ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ። «በጋሪ ስዞር» አልኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፣ እያንዳንዱ እናት ታውቀዋለች። ደላላው እንኳ «እንግዲህ እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ፤ ምን ይበል።

ያን ዕለት የተገላገልኩትን ያህል ኋላም ተገላግዬ አላውቅም። ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ለመጸለይ ስቆም ያቺ ስም መጣችብኝ። ሌንሳ አሥራት ከድር። የኦሮሞ ስም፣ የአማራ አባት፣ የእስላም አያት፤ ይህ ከተማ ራሱ በሦስት ቃል። አርባ አንዱ የእሷ መሆኑን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ጮቤ ረግጫለሁ። የአንዲት እናት ልጅ ወድቃ እኔ እልል አልኩ። የእሷስ ፓስፖርት የማን ጠረጴዛ ላይ ይሆን? ያቺን አግዳሚ ወንበር አስቡት፤ ሰናይት ስትነሳ በቦታዋ ማን ተቀመጠ? በማግስቱ ዘሀራን ገጹን አስቀምጪልኝ አልኳት። በወሩ ደሞዜን ስቀበል ያችኑ ዓይነት ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛሁ፣ ቀይዋን አስጫንኩ፣ ዘሀራ ያቺን «ኖ» «የስ» አደረገችልኝ፣ ገጹንም እኔ ስልክ ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊዋን ኢ ቢሮ ውስጥ ካልሆነ አልነካኋትም። ሰው ቀይዋን የመረጥኩት ካርድ ስለምትቆጥብ ይመስለዋል፤ ትቆጥባለችም። እኔ የምወዳት ግን ሳጥኑን ከፍታ ሰው ስላሳየችኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰናይትን አስባት ካልኩ በኋላ «ሌንሳንም አስባት፣ ያለችበትን አንተ ታውቃለህ» እላለሁ። ዘሀራም በዱዓዋ ታነሳት ነበር። የአረብ አገር ክፉ ወሬ በሬዲዮ በተነገረ ቁጥር እኔ የምማለደው ለማላውቃት ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ በርጩማው ላይ ሆኜ ለባለ ሱቋ አወራኋት። ስሟን ብቻ አልጠራሁም፤ የሰው ልጅ መውደቅ በየሱቁ አይወራም። እሷ መጀመሪያ እየሳቀች ነበር የምትሰማኝ፣ ዘሀራ ክምሩ ላይ የወጣች ጊዜ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቀስ በቀስ ግን ሥራዋን ተወች። «ገጹ አሁንም አለ?» አለችኝ። ከቦርሳዬ አሮጌዋን ስልክ አወጣሁላት። ቀይዋን ነካች፣ የተቀመጠውን ገጽ ከፈተች፤ እንዴት እንደሚከፈት አልጠየቀችኝም፣ ጣቷ ያውቀዋል። እየወረደች ሄደች። ቆመች። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው።

«እማማ፣» አለችኝ፣ «ለዚች ለ318ኛዋ ነው የሚጸልዩት?»

«አዎ፣ ለእሷ።»

«እኔ ነኝ።»

አላመንኳትም። መታወቂያዋን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ሌንሳ አሥራት ከድር። ደግሜ አነበብኩት።

«አረብ አገር ሄድሽ?» ነበር የመጀመሪያ ቃሌ። እንኳን ደህና አየሁሽ እንኳ አላልኳትም።

«ኧረ የት ሄጄ! እርስዎ እኔ ወደቅኩ ብለው ያለቅሳሉ፣ እኔ ቡልቡላ አባቴ ቤት ድግስ ላይ ነበርኩ እኮ» አለችና እየሳቀች ዓይኖቿ ሞሉ። እሷም ያን ዕለት ዝዋይ ሄዳ፣ በሳጥን ዝርዝር ላይ፣ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሠርታለች። የተፈታኝ ቁጥሯ ዘጠና አምስት ነበር፤ ዘጠና አምስተኛው መስመር ላይ ሰባ ዘጠኝ አየች። «አባቴ በግ አረደ። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ልብስ፣ ሳህን፣ ሻንጣ ሰጠኝ። ፍራሼን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ አዲስ አበባ ሄድኩ። መዝጋቢው ፈለገኝ፣ ፈለገኝ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። እንደዚያ አዝኜ አላውቅም። ስመለስ ወደ አዳማ ታጠፍኩ፤ የተበላውን በግ እያሰብኩ ቡልቡላ ድረስ መቀጠል አቃተኝ።» አንዲት ዘመድ ዘንድ አረፈች፣ የስልክ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረች። «መጀመሪያ የተማርኩት ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ያቺን ኖ፣ የስ ማድረግ። ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ ስልኩን ይዞ የመጣውን ሁሉ ሳጥኑን ፊደል አድርጌ ነው የምሸኘው። ባይጠይቁኝም አደርግላቸው ነበር። ሌላ ሰው በባዶ በግ እንዳያርድ።» ኋላ ያቺን ሱቅ ራሷ ተከራየች፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ የፋብሪካው ልጃገረዶች ደንበኞቿ ናቸው። ባል አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት። ለአባቷስ መቼ ነገርሻቸው አልኳት። «በሁለተኛው ዓመት። በግ ይዤ ሄድኩ፣ ካስኩት» አለችኝ።

ጉንጯን ሳምኩት፣ ግንባሯን ሳምኩት። ስንት ዓመት ሙሉ በማላውቀው በረሃ ሳንከራትታት የኖርኳት ልጅ፣ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ የስልክ ልብስ ስትሸጥ! ለሰናይት እዚያው ደወልኩላት። ሰናይት ባቱ፣ ያው ዝዋይ፣ አዋላጅ ነርስ ናት፤ «እማዬ ተረኛ ነኝ፣ ቶሎ በይ» አለችኝ። «ሌንሳን አገኘኋት» አልኳት። ከክፍሉ ስትወጣ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ «ደህና ናት?» አለችኝ፣ በዚያ በድሮው በጠፋው ድምፅዋ። «ባለ ሱቅ ናት፣ ወፍራም ናት፣ ትስቃለች» አልኳት። ሌንሳ «ኧረ ወፍራም አይበሉኝ!» ብላ ጮኸች። ዘሀራ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ያን ቀን የጎደለችን እሷ ብቻ ናት።

አዲሱ ስልክ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ሲጠብቀን ነበር። ሌንሳ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ አነሳችው። «በሉ፣ ቀይዋን ልጫንልዎት?»

«አንቺ በየትኛው ነው የምትከፍቺው?» አልኳት።

«እኔማ ባለ ብዙ ቀለሟን ለምጃለሁ።»

«እንግዲያው እሷው ትሁን» አልኳት። እንዲህ በቀላሉ እለቃታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሮጌዋን ስልክ አጠፋኋት፣ ባትሪዋን አውጥቼ ሁለቱንም ሌንሳ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ገጹ የእሷ ነው፣ እሷ ታውቅበታለች።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ለጸሎት ቆምኩ። ሰናይትን አስባት አልኩ፣ ልጆቿን አስባቸው አልኩ፣ ዘሀራን ነፍስ ይማር አልኩ። ሌንሳ ላይ ስደርስ ምላሴ «ያለችበትን አንተ ታውቃለህ» ሊል ተነሳና ቆመ። ያለችበትን እኔም አውቃለሁ፤ ሱቋን የምትከፍተው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተመስገን ብዬ ቁርሴን በላሁ።